ከአድራሻው የጎደለችው ከተማ

ባለፈው ሰሞን ከሎጊያ ወደ ሰመራ ስሄድ፣ ሁለቱ ከተሞች የት ላይ እንደሚለያዩ ሹፌሩን ብጠይቀው «አሁንማ አንድ ሆኑ እኮ፣ ማዘር» አለኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ይህን የመሰለ ነገር እኔም በአሥራ አምስት ዓመቴ በልበ ሙሉነት ተናግሬ ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አዋሽ። ጽሕፈቴ አምሮልኝ የሰፈሩ ደብዳቤ ጸሐፊ ሆኜ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ደብዳቤው ለገዋኔ ወይም ለሎጊያ ከሆነ ስምና ከተማ ጽፎ ለከባድ መኪና ሹፌር መስጠት ነው፤ ሹፌሩ ሻይ ቤት ገብቶ ሲጠይቅ ሰውየው አይጠፋም።

ከወሎ የመጣችው ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ፉል ትሸጥ ነበር። አንድ ልጇ አህመድ ብየዳ ሊማር ምሥራቅ ጀርመን ሄዷል። በግንቦት፣ ነፋሱ ራሱ ፊት በሚለበልብበት ወር፣ ደብዳቤው መጣና አነበብኩላት። ትምህርቱን ጨርሷል፤ እዚያው ለአራት ዓመት ሥራ ፈርም ብለውታል። ና ካለችው ይመጣል። እስከ ጳጉሜ መልስ ካላገኘ ግን ፈቅዳለች ብሎ ይፈርማል።

ፉሉን ማማሰሏን አላቆመችም።

«ና በይው» አለችኝ።

«ሌላስ፣ እትዬ?»

«ሌላ ምን አለ? ና በይው።»

እኔ ግን ስለ ሙቀቱና ስለ ሀብሃቡ መርከስ ጭምር ሁለት ገጽ ሞላሁ። ቀጥሎ አድራሻው። አህመድ የሚኖርባት ከተማ መርዘቡርግ ትባላለች፤ ለላይፕዚግ ቅርብ መሆኗን ጽፏል። የጂኦግራፊ መምህራችን በዚያ አገር ከተሞች ተያይዘው እንደ አንድ ትልቅ ከተማ መሆናቸውን፣ ሰው በአንዱ አድሮ በሌላው ሠርቶ እንደሚመለስ ገና ማስተማራቸው ነበር። በካርታችን ላይ ደግሞ ላይፕዚግ እንጂ መርዘቡርግ የለችም። ስለዚህ ትንሿን ትቼ ትልቋን ጻፍኩ።

እትዬ ዘሃራ ፊደል ባትቆጥርም የእሱንና የእኔን ፖስታ ጎን ለጎን ይዛ፣ ይሄኛው ቃል እዚያኛው ላይ የለም አለችኝ። ትልቁ ከተማ ትንሹን እንደሚያጠቃልል አስረዳኋት። «እንግዲህ ተማሪዋ አንቺ ነሽ» ብላ አንድ ሳህን ፉል ጨለፈችልኝ።

ደብዳቤው በጥቅምት፣ ማህተም ተደራርቦበት፣ ተመለሰ። ይዤላት ሄጄ ያጠፋሁትን ሁሉ ነገርኳት። አልተቆጣችም። «ታዲያ ጳጉሜን መመለስ ትችያለሽ?» አለችኝ፤ የምችል ከሆነ እንድሞክርላት ዓይነት። በትክክለኛው አድራሻ ደግሜ ጻፍኩ፤ የመጀመሪያው መንገድ ላይ ጠፋ ብዬ። ያ ሳይደርሰው የእሱ መጣ። ፈርሟል፤ ስለ ፈቀደችለትም ያመሰግናታል። እዚያ ላይ ማንበቤን ሳቆም «ጨርሺው» አለችኝ።

አህመድ ሲመጣ እትዬ ዘሃራ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር።

ዛሬም በየአረፋው እንደ እህቱ ይደውልልኛል። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጤናው አውርተን ስናበቃ፣ ያ ደብዳቤ መንገድ ላይ ባይጠፋ ኖሮ ይለኛል። እኔም ይኸው እስከዚህ እርጅናዬ፣ አዎ፣ ባይጠፋ ኖሮ እለዋለሁ።