የበዓል ቀን ተማሪዎች

ጋሸና ባለችው ሱቄ፣ መደርደሪያው ጥግ፣ አንድ የባትሪ ድንጋይ ፈንድቶ አገኘሁ። ልጥለው ሳነሳው ያ ኮምጠጥ ያለ ሽታው አፍንጫዬን መታው። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ እኔ ላስታ፣ አራተኛ ክፍል ገብቼ ቀረሁ። መምህር ጌጡ ሰሌዳችንን የሚያጠቁሩት በዚህ ነበር፤ ያለቀውን ድንጋይ ፈልጠው፣ ውስጡን ወቅጠው፣ በውሃ በጥብጠው በጨርቅ ይለቀልቁታል። ጣታቸው ዓመቱን ሙሉ የአንጥረኛ ጣት ይመስል ነበር። ደወላችን ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የጭነት መኪና ቸርኬ ነው፤ በድንጋይ ሲመቱት ሸለቆው ሁሉ ይሰማል። መስማት አንድ ነገር ነው፣ መምጣት ሌላ።

ለትምህርት የደረሰ ልጅ ሁሉ ይማር የሚለው መመሪያ ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ በክልል፣ በዞን፣ በወረዳ አድርጎ ነው እኛ ዘንድ የሚደርሰው። ዕቃ በየደላላው እጅ ሲያልፍ ዋጋው ይጨምራል፤ መመሪያ ደግሞ ቁጣው። በጥቅምት መጨረሻ፣ አንድ ረቡዕ፣ የወረዳው ሱፐርቫይዘር መጡ። አጨዳ ስለነበር ክፍል ውስጥ የተገኘነው አሥራ አንድ ነበርን። "በወሩ ተመልሼ ስመጣ ካልሞላ ይዘጋል፤ ልጆቹም ከገደሉ ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት ይዛወራሉ" ብለው ሄዱ። አባቴ ይህን ሲሰማ "ሴት ልጅማ ገደል አቋርጣ አትማርም" አለ። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ የእኔም ነገር አበቃ ማለት ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምህር ጌጡ ገበሬዎቹን በቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር አገኟቸው።

"በወር ስንት ቀን ሞፈር አትነኩም?"

አንድ ሽማግሌ በጣታቸው ጀመሩ፤ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለም... ጣት አለቀባቸው።

"እንግዲያው ልጆቹን በእነዚህ ቀኖች ስጡኝ።"

"አንቱ መምህር፣ በበዓል ሥራ ልታሠሯቸው?" አለ አባቴ።

ቄስ አያሌው ጭራቸውን ወዝወዝ አደረጉ። "ፊደል መቁጠር ሥራ ከሆነ እኛ ካህናቱ በበዓል ስንሠራ ኖረናል ማለት ነው። ስንሠራ ያየን ሰው ደግሞ የለም።"

ሳቁ፤ ነገሩ በዚያው ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ መምህር ጌጡ በሥራ ቀን የመጣውን፣ በበዓል የቀረውን ያስተምሩ ጀመር። ባለቤታቸው "የዚህን ሰውዬ ቅዱስ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፣ ቀኑን ላክብርለት" ይሉ ነበር።

መምህር ጌጡ ሱፐርቫይዘሩን ለኅዳር ጽዮን ንግሥ ጋበዟቸው። ጠላ ያለበት ጥሪ እምቢ አይባልም። ታቦቱ ገብቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ብቅ ሲሉ፣ ስድሳ ሦስት ልጆች በክት ልብሳችን ተጠጋግተን ተቀምጠናል፤ ወላጆች መስኮቱን ሞልተውታል።

"ዛሬ እኮ ትምህርት ዝግ ነው" አሉ።

"ጌታዬ፣ ደንቡ ልጅ ይማር ነው የሚለው ወይስ ረቡዕ ይማር?"

"ለንግሥ የመጣን ልጅ መሰብሰብማ ቀላል ነው። ማንበብስ ያውቃሉ ወይ?"

"ከቦርሳዎ የፈለጉትን ወረቀት አውጥተው ያስነብቧቸው።"

ሰውዬው ፈገግ አሉና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አወጡ። "በይ አንቺ" ብለው ለእኔ ሰጡኝ።

ተነሳሁ። በቂ ተማሪ ባለመገኘቱ ትምህርት ቤታችን እንዲዘጋ መወሰኑን፣ አንዲት ቃል ሳልስት፣ እስከ ፊርማው አነበብኩት።

"እንዴ" አለ አባቴ ከመስኮቱ፣ "የመዝጊያውን ደብዳቤ የምታነብ ልጅ ተቀምጣበት ማን ነው የሚዘጋው?"

ሱፐርቫይዘሩ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ወዲህ ያንን ደብዳቤ አየሁ ያለ የለም።

በዓመቱ አምስተኛ ክፍል ተከፈተ፤ እየተጨመረ እስከ ስምንተኛ ደረሰ። እኔም ስምንተኛን እዚያው ጨርሼ የቀረውን ከሚዛንና ከደላላ ተማርኩ። መምህር ጌጡን ግን አምስተኛ ክፍል በተከፈተ በመንፈቁ ወደ ኮን ከተማ አዛወሯቸው፤ ዕድገት ነው ተባለ። የሄዱበት ቀን ማክሰኞ ነበር። የማንም ታቦት ቀን አልነበረም፤ መሬቱም ለእርሻ ደርሶ ነበር። ያን ዕለት በቀበሌያችን ሞፈር ያነሳ ሰው አልነበረም።