የኤውሎሂያ ጣውላና ጣት የምታህለዋ ቦርድ

አክስቴ ኤውሎሂያ ኢራይፒ ባሏ ከሞተ ወዲህ በመንደራችን በኡሩቢቻ ያለውን የቫዮሊን መሥሪያ ብቻዋን ይዛ ነበር። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ የቫዮሊኑን አንገት እቀርጻለሁ፤ ደረቱንና ጀርባውን ግን ለማንም አትሰጥም። ታዲያ አንድ ዓመት ክፉ ጊዜ መጣባት። የሠራችው ቫዮሊን ሳይከርም ደረቱ ይሰነጠቅ ጀመር። እንዲያውም አንዱ በቅዳሴ መሀል፣ መዘምራኑ ሁሉ ቆመው ሳለ፣ ቋ ብሎ ተተረተረ።

ጥፋቱን በባሏ ወንድም በኢላሪዮ አመካኘች። ሴድሮ ከሚባለው ዛፍ የተሰነጠቀውን ጣውላ ከጫካ የሚያመጣላት እሱ ነበር።

«እርጥብ እንጨት ነው የምታሸክመኝ» አለችው በሩ ላይ ቆማ።

«እንጨቱማ ከእኔም ከአንቺም ይልቅ ደርቋል። እጅሽን ጠይቂው።»

ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ቢገናኙም ዝም ተባብለው ይተላለፉ ነበር።

በዚህ መሀል ሮሴንዶ የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ ሊሠራ አሴንሲዮን ከሚባለው ከተማ መጣ። የተሰነጠቁትን ቫዮሊኖች አገላብጦ ካየ በኋላ፣ «ዶኛ ኤውሎሂያ፣ የክፍሉን ሙቀትና እርጥበት እየለካ የሚመዘግብ ነገር ላምጣልዎት?» አላት። ተመልሶ ሲመጣ ሦስት የኤሌክትሮኒክስ ቦርዶች ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።

«ይሄኛው የለካውን በኢንተርኔት ስልክዎ ላይ ይልካል።»

«ኢንተርኔት የት አለና? ዝናብ ሲጥል መብራቱም አብሮ ይጠፋል።»

«እውነትዎን ነው፤ ባትሪም ይበላል።» ወደ ጎን አደረገው። «ትልቁ ደግሞ ብዙ ሥራ ይችላል። ግን የራሱ ገመድና የለካውን የሚያስቀምጥበት ካርድ ለብቻ ይፈልጋል።»

«እዚህ ቤት ገመድ አይበረክትም። ያቺስ?»

ሦስተኛዋ ጣት የምታህል፣ ጫፏ እንደ ፍላሽ በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ የምትሰካ ነበረች።

«እሷ ብዙ አትችልም። ሙቀቱንና እርጥበቱን የሚለካው ሴንሰሯ የነገራትን በየሰዓቱ ውስጧ ታስቀምጣለች። በትንሽ ባትሪ ትከርማለች፤ ሲሰኳት ሁሉንም ታወጣዋለች። እኔ ብሆን እሷን ነበር የምወስደው።»

አክስቴ መዳፏ ላይ አድርጋ አየቻት። «ሳትለፈልፍ የምታስታውስ ከሆነች ትቀመጥ» አለች።

በጣውላዎቹ መሀል ሰቀልናት። ወሩ ሲያልቅ ሮሴንዶ ኮምፒውተሩን ይዞ መጣና ሰካት። ስክሪኑ ላይ የወጣው የእርጥበቱ መስመር ደህና ይሄድና በየሳምንቱ መጨረሻ ቁልቁል ይወርዳል።

«ዓርብና ቅዳሜ ክፍሉ ክው ብሎ ይደርቃል» አለ ሮሴንዶ። «በእነዚህ ቀናት ምን ትሠራላችሁ?»

እኔና አክስቴ ተያየን። እኛማ የተለየ ነገር አንሠራም። ከግድግዳው ወዲያ ግን ጎረቤታችን ዶኛ ፔትሮና ለእሑድ ገበያ ዳቦ ትጋግራለች፤ የጭቃ ምድጃዋም ከዚያው ግድግዳ ጋር ተለጥፏል። እንጨቱ ቅዳሜ ይደርቃል፣ ከሰኞ ጀምሮ መልሶ እርጥበት ይጠጣል። እንዲህ እየተኮማተረና እያበጠ የተጣበቀ ደረት እንዴት ይጽና?

አክስቴ ሻርፗን አንስታ ወጣች። ተከተልኳት። ኢላሪዮ በረንዳው ላይ መጋዝ ይሞርዳል።

«እንጨትህ ደህና ነው» አለችው። «የፔትሮና ምድጃ ነው የጎዳኝ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ጣት የምታህል ነገር።»

«እኔ ይሄን ሁሉ ቁመት ይዤ ስነግርሽ አልሰማሽም።»

«በድዬሃለሁ፣ ኢላሪዮ። ይቅር በለኝ።»

መጋዙን አስቀምጦ ወንበር ሳበላት። «ቁጭ በይ። ጣውላሽን እኔ ጓዳ አምጪው፤ እዚህ ቤት ምድጃ የሚነካ ሰው የለም።»

«ሰምቼሃለሁ» አለች ሚስቱ ከውስጥ። ትንሽ ቆይታም ማሳኮ የሚባለውን ከሙዝና ከቋንጣ የተወቀጠ ምግብ በትልቅ ሳህን ይዛ ወጣች። ሦስቱም ከአንድ ሳህን በሉ፤ እኔም አልቀረሁም።

ጣውላውን ወደ ኢላሪዮ ጓዳ አዛወርነው፤ ከዚያ ወዲህ የሠራቻቸው ቫዮሊኖች አልተሰነጠቁም። ጠዋት ጠዋት ስትጸልይ ከሟች ባሏ ቀጥላ ኢላሪዮን፣ ከኢላሪዮ ቀጥላ ሮሴንዶን ስትጠራ እሰማለሁ። አንድ ቀን፣ «ሮሴንዶ እኮ ዘመድሽ አይደለም» አልኳት።

«አይደለም» አለች። «ግን እኔ ስለማላውቅ የፈለገውን ቢያሸክመኝ አምኜው እቀበል ነበር። እሱ ግን ለእኔ የሚሆነውን መረጠልኝ።»