የታችኛው መንደር ቦኖ እና የእናቴ እጅ

ባለፈው ረቡዕ ጠዋት ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ፓፓያ ስልጥ፣ ድምፅ ማጉያ የታሰረበት ባጃጅ በሰፈራችን አለፈ። "የተከበራችሁ የጭሮ ከተማ ነዋሪዎች" ብሎ ጀመረና በመስመር ጥገና ምክንያት ውሃ ለሁለት ቀን እንደሚቋረጥ፣ ያለንን ዕቃ ሁሉ እንድንሞላ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ነገረን። ሁለቱንም እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ። በአንዱ የተባለው ሁሉ በሌላውም ተብሏል፤ አንድ ነገር አልጎደለም። ጎረቤቴ ባልዲ ፍለጋ ተሯሯጠች። እኔ ቢላዬን እንደያዝኩ ፈገግ አልኩ። የደግ ሰው ፈገግታ እንዳይመስላችሁ፤ ጓድ ታፈሰን አስታውሼ ነው።

በዚያ ዘመን ከተማችን አሰበ ተፈሪ ነበር የምትባለው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ማትሪክ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት የዋልኩ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ወጣት ማኅበሩ በቀበሌያችን ጸሐፊነት መደበኝ። ዋናው ሥራዬ የቀበሌውን ዜና መጻፍ ነበር፤ ህብረት ሱቁ ስኳር እንደመጣለት፣ የጽዳት ዘመቻው እሑድ እንደሆነ፣ የመሠረተ ትምህርት ፈተና እንደተቃረበ በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፍና በሩ ላይ አቆመዋለሁ። ስብሰባ ሲኖር ደግሞ ቆሜ በአማርኛ አነበዋለሁ። አብዛኛው ነዋሪ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ስለነበር መተርጎሙ የሊቀ መንበሩ የጓድ ታፈሰ ድርሻ ነው።

ትርጉሙ ታዲያ ለብቻው ነበር። ሁለት ገጽ ሙሉ አንብቤ ስቀመጥ፣ እሱ ብድግ ይልና በኦሮምኛ "ስለ ልማት ነው፤ አጨብጭቡ" ይላል። ሰው ያጨበጭባል። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ "በሙሉ ድምፅ ጸደቀ" ብዬ እጽፋለሁ። ስንት ነገር በዚህ ዓይነት ጸድቋል! ማን ይጠይቃል? ጠያቂ ምን እንደሚባል፣ ከተባለም በኋላ የት እንደሚያድር ሁላችንም እናውቃለን።

እናቴ ሹሩባ ሠሪ ነበረች። የታችኛው መንደር ሴቶች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ለሠርግ፣ ለአረፋ፣ ለጥምቀት ጭንቅላታቸውን ይዘው የሚመጡት እሷ ዘንድ ነው። ጣቶቿ ከምላሷ ይፈጥኑ ነበር፤ ምላሷም ቢሆን ቀርፋፋ አልነበረም። ቤታችን ዘወትር ቅቤ ቅቤ ይሸታል። አባቴ ከሞተ ወዲህ የበላነውም የለበስነውም ከእነዚያ ጣቶች ነው።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ የታችኛው መንደር ቦኖ ተዘጋ። "ለጥገና ተዘግቷል" የሚለውን ማስታወቂያ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አምኜ ነው የጻፍኩት። ሴቶቹ ከሸለቆው ሥር ካለው ምንጭ ይቀዱ ጀመር። መንገዱ ቁልቁለት፣ ከእግር ሥር የሚሸሽ ኮረት የበዛበት ነው። በኅዳር አንድ ሐሙስ ጠዋት እናቴ ጀሪካን አዝላ ስትወጣ አዳለጣትና በቀኝ እጇ ላይ ወደቀች። አንጓዋ ተሰብሮ መዳፏ ወደ ጎን ዞሮ ነበር።

ለድሃ ነፃ ሕክምና ነበረ፤ የቀበሌ ወረቀት ግን ያስፈልጋል። ወረቀቱን ራሴ ጻፍኩት። የቀረው ማህተም ብቻ ነው፤ ማህተሙ ደግሞ ከጓድ ታፈሰ ኮት ኪስ አይወጣም። ስሮጥ ደረስኩበት። ወደ መቻራ ለመሄድ አስፋልቱ ዳር የቡና መኪና ጋቢና ላይ አንድ እግሩን አስቀምጧል። እናቴ እንደወደቀች፣ እጇ እንደተሰበረ ነገርኩት፤ ወረቀቱንም ዘረጋሁለት። ያኔ "እርስዎ" ነበር የምለው። ዛሬ አልለውም።

"ማህተም መንገድ ላይ አይመታም። ሰኞ ነይ" አለኝ።

ማህተሙ ኪሱ ውስጥ ጎልቶ ይታየኝ ነበር። መኪናው አቧራውን አልብሶኝ ሄደ። ሰኞ አልተመለሰም፤ በሚቀጥለውም ሰኞ አልመጣም። ወጌሻ በሸንበቆ አሰራት። ማህተሙ ተመትቶ ጤና ጣቢያ ስንደርስ፣ ሐኪሙ እጇን አገላብጦ አየና አጥንቱ ተጣሞ እየገጠመ መሆኑን፣ ጣቶቿም እንደ ድሮው እንደማይታዘዙላት ቀስ ብሎ ነገረን። እናቴ አላለቀሰችም። ቤት ስንገባ የሹሩባ ወስፌዋን ከመስኮቱ አንስታ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። ጓድ ታፈሰ በርግጥ ረስቶታል። በማግስቱ ቢሮ ስገባ የጠየቀኝ ጠመኔ አለ ወይ ብሎ ነው። የሰፈር ሰው ሥራውን ጥላ ትወጣለች ብሎ ሲጠብቅ እኔ አልተውኩም። አከርካሪ የላትም ተባልኩ። የሆዴን በሆዴ ይዤ ጽሑፌን አሳመርኩ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" የሚለው ተረት ይመጣብኝና ጸሎቱን እተወዋለሁ። ቂሙን ግን አልተውኩም።

ጥር ላይ ለፊርማ ቤቱ ላከኝ። ወሩ የሰው ጫት ሁሉ ቅጠሉ የሚጠወልግበት ነው፤ ከሚኤሶ በኩል የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ ከንፈር ይሰነጥቃል። ከቤቱ ጀርባ ያለው የጫት ማሳ ግን በክረምት እንዳለ ለምልሟል። ሥሩ ጭቃ ነው። ከጭቃው መሃል የቦኖአችን ቱቦ አፍ ወጥቶ ይንጠባጠባል። ወረቀቱን አስፈርሜ፣ አመስግኜ ወጣሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በየካቲት ከአውራጃው አንድ ኃላፊ ሊጎበኘን እንደሚመጣ፣ ቀበሌያችን ምስጉን ተብላ እንደምትሸለም ተሰማ። ጓድ ታፈሰ ሪፖርቱን እየተንጎራደደ ነገረኝ፤ እኔ ጻፍኩ። የታችኛው መንደር ቦኖ ጠዋትና ማታ ያለማቋረጥ አገልግሎት እንደሚሰጥ፣ የታመሙ ነዋሪዎች የነፃ ሕክምና ወረቀት በዕለቱ እንደሚያገኙ ሲለኝ እንዳለው ጻፍኩት። አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ ቃል አልቀነስኩም። ስጨርስ፣ ብዙኃኑ ሙሉውን በቋንቋው ቢሰማ እንግዳው ይበልጥ እንደሚደሰት በትሕትና ነገርኩት። ነገሩ ጣመው። "እንግዲያው አንቺ ተርጉሚው፤ እኔ ከእንግዳው ጎን እቀመጣለሁ" አለ። ሰውየው ውዳሴውን በሁለት ቋንቋ ለመስማት ቸኩሎ ነበር።

ቀኑ ደርሶ አዳራሹ ጢም አለ። ሴቶቹ በቀጥታ ከምንጭ ስለመጡ ጀሪካናቸውን በሩ ላይ ደርድረውታል። እናቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። አማርኛውን አነበብኩ፤ እንደ ወትሮው ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ በኦሮምኛ ጀመርኩ፤ ቀስ ብዬ፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር፣ ከገበያ እንደተማርኩት በሚገባቸው አነጋገር። ቦኖው ጋ ስደርስ አዳራሹ ውስጥ ማንሾካሾክ ተነሣ። አንገቶች ወደ በሩ፣ ወደ ጀሪካኖቹ ዞሩ። ጓድ ታፈሰ ቀና ብሎ አየኝ። እሱም ኦሮምኛ ይችላል፤ ግን ምን ይለኛል? የራሱን ቃል እኮ ነው የምናገረው።

በዚህ መሃል ጎረቤታችን አደ አሚና ተነሡ። ስድስት ልጅ ያሳደጉ፣ በሰፈሩ የሚፈሩ ሴት ናቸው።

"ኢንተላ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "ቢሻን ኤሳ ጅራ?"

ኦሮምኛ የማያውቀው እንግዳ ምን እንደሚሉ ጠየቀ። ጓድ ታፈሰ ቀደመኝ። "እያመሰገኑ ነው፣ ጓድ" አለ።

 እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሊቀ መንበርን ውሸታም ማለት ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ። ነገር ግን ለሦስት ወር ያሰብኩት ያቺን ደቂቃ ነበር።

"አይደለም" አልኩ። "ውሃው የት አለ ነው የሚሉት።"

ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ እየተቀባበሉ ተናገሩ፤ እኔ እየተቀበልኩ ወደ አማርኛ መለስኩ። እንግዳው ቦኖውን እንድናሳየው አዘዘ። ሰው ሁሉ ተከትሎ ወረደ። ቧንቧው ዝጎ፣ ሥሩ ሸረሪት አድርቶበታል። ውሃውስ ታዲያ የት ይሄዳል ብሎ ሲጠይቅ ወደ ላይ፣ ወደ ጓድ ታፈሰ የጫት ማሳ፣ በጣቴ አሳየሁት። ጫቱ መሃል ስንደርስ የእንግዳው ጥቁር ጫማ እስከ ክሩ ጭቃ ገባ። ጓድ ታፈሰ ከኋላችን ላብ በላብ ሆኖ ስለ ጥገና ያወራል። አደ አሚና ቱቦውን ከጭቃው መዘው አንስተው ያዙት፤ ውሃው በጓድ ታፈሰ ኮት ላይ ሲረጭ ማንም አልሳቀም። እኔ ብቻ ውስጤ ሳቀ።

እዚያው ቆመን እንግዳው ወደ እኔ ዞረ። "ሌላስ አለ?" አለኝ።

ሌላማ ነበረ። ዋናው ነበረ። ቀና ስል እናቴን አየኋት፤ ከሴቶቹ መሃል ቆማ የተጣመመ እጇን ነጠላዋ ሥር ደብቃለች። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነበር። ራሷን ነቀነቀች፤ እንዳትናገሪ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጇ እንዲታይባት አልፈለገችም። "የለም" አልኩ።

ማህተሙን እዚያው ከጓድ ታፈሰ ተቀበሉት። ከሊቀ መንበርነቱ ወረደ፤ ጥቂት ወራትም ታሰረ። በሳምንቱ ቦኖው ተከፈተ። እናቴ በግራ እጇ ቀድታ መጣችና ጀሪካኑን አስቀምጣ፣ "ደግ አደረግሽ። ለሰፈሩ ደግ አደረግሽ" አለችኝ። ለእኔ አላለችም። እስክትሞት ድረስ አንድም ራስ አልሠራችም፤ የእኔን እንኳ።

ሰው በቀል አያረካም ሲል እሰማለሁ። ውሸት ነው፤ የቀመስኩት እኔ አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬ ድረስ ይጥመኛል። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያ ሰው የተቀጣው በጫቱ ነው። ስለ እናቴ እጅ በሕይወቱ አንድም ቀን የጠየቀው የለም፤ ስጠየቅ ዝም ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ዛሬም አለ። አርጅቷል፣ ዓይኑም ደክሟል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድምፄን ለይቶ እጁን ይዘረጋልኛል፤ የማይንቀጠቀጥ፣ ደኅና እጅ ነው። የልጅ ልጁ ማታ ማታ ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ ታነብለታለች አሉ። ይህንንም ታነብለት ይሆናል፤ እዚህ ስሙን ስለቀየርኩት መጀመሪያ ላይ ራሱን አያውቅም። አንቺ የልጅ ልጁ፣ ያቺ የኅዳር ሐሙስ ጋ ስትደርሺ ግን ያውቃል፤ በቃኝ፣ ደከመኝ፣ መብራቱን አጥፊው ይልሻል። አትስሚው፣ ልጄ። አንድ ቃል ሳትዘልዪ እስከ መጨረሻው አንብቢለት።