በብስኩት ካርቶን ላይ የተሰላው ዲግሪዬ

ዲግሪዬ ስንት እንደሚያወጣ መጀመሪያ የተሰላው በብስኩት ካርቶን ጀርባ ላይ ነው። ያሰሉት የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሶዶ ውስጥ ሁለት ባጃጅ አላቸው፤ እስክሪብቶም ከደረት ኪሳቸው አይጠፋም። ቀኑ ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነበር። ዘመድ ሁሉ አረካ አጠገብ ባለው የወላጆቼ ቤት ተሰብስቦ፣ የቅርጫው ሥጋ ተበልቶ፣ ሁሉም ጠግቦ የሰው ጉዳይ የሚያነሳበት ሰዓት ነው።

ጉዳዩ እህቴ ነበረች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትና አልፋለች፤ ከትምህርት ቤቷ ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አጎቴ ግን ዩኒቨርሲቲውን ትተወው፣ እኔ አረካ ገበያው ዳር ሱቅ እከፍትላታለሁ አሉ። ቀልድ አልነበረም፤ ቤቱን አይተው፣ ከባለቤቱ ጋር በኪራዩ ተነጋግረው ነው የመጡት። ለምን አትማርም ለሚላቸው ደግሞ ማስረጃ አላቸው። ማስረጃው እኔ ነኝ።

ካርቶኑን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ለሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው እያነበቡ ጻፉ። አምስት ዓመት ሜካኒካል ምህንድስና። በየወሩ ከቤት የተላከልኝ የኪስ ገንዘብ፣ ትራንስፖርት፣ ካልኩሌተር። ከምረቃ በኋላ ሥራ ስፈልግ ያለፈው ሁለት ዓመት። የወጪ መጋራቱ ስላልተከፈለ ዋናው ዲግሪ እስካሁን ሬጅስትራር ቢሮ ነው ያለው፤ እሱንም ጻፉት። በሌላ በኩል አሁን የማገኘው ሰፈረ፤ ሶዶ አንድ ብየዳ ቤት፣ በርና መስኮት፣ የቀን ሂሳብ። አጠገቤ የሚበይደው ባልደረባዬ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ነው። የሚከፈለን እኩል ነው፤ እሱ ግን ሞተር ሳይክል ገዝቷል።

«በዚህ ሁሉ ገንዘብ ባጃጅ ገዝተህለት ቢሆን» አሉት አባቴን፣ «ዛሬ ሦስተኛውን ይገዛ ነበር።»

አባቴ ካርቶኑን አየ። እኔ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ያናደደኝ ውሸት ስለሆነ አይደለም፤ አንዱም ውሸት አልነበረበትም። ያናደደኝ እህቴ ሰሃን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ መስማቷ ነው። የእኔ ሥራ ማጣት ለእሷ በር መዝጊያ ሲሆን እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ስለዚህ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ዲግሪ የሌለው የማይሠራውን አንድ ነገር ሠርቼ አሳያችኋለሁ፣ የዩኒቨርሲቲው ጥሪ እስኪወጣ ጠብቁኝ አልኩ። አጎቴ ሳቁ፤ ግን ተስማሙ። አባቴም እስከዚያ ሱቁም ጉዞውም ይቆይ አለ።

የእንሰት መፋቂያ ማሽን ለመሥራት ወሰንኩ። እኛ ጋ እንሰት ጓሮው የሌለ ቤት የለም፤ የእናቴም ወገብ የጎበጠው እሱን ስትፍቅ ነው። በየምሳ ሰዓቱ ከብየዳ ቤቱ ቁርጥራጭ ብረት የሚሽከረከር ሲሊንደር ሠራሁ፤ ዙሪያውን ስለታም ጥርስ ደረደርኩበት፤ የአሮጌ ብስክሌት ፔዳልና ሰንሰለት ገጠምኩለት። ስሌቱ ብቻ አራት ገጽ ፈጀ። ሲያልቅ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ አረካ ሄድኩ።

ጓሮ ውስጥ ከእንሰቱ ግንድ የተገነጠለውን ቁራጭ አስገብቼ ፔዳሉን ረገጥኩ። እናቴ ግማሽ ቀን የምትለፋበት ሁሉ በትንሽ ጊዜ ልሞ ወጣ። የጎረቤት ሴቶች አጨበጨቡልኝ። እናቴ ግን አላጨበጨበችም። እጇን ወደ ላመው ነገር ከትታ የሆነ ዕቃ እንደጠፋበት ሰው መፈለግ ጀመረች።

«ቃጫውስ?» አለችኝ።

ቃጫ የለም። እንሰት ሲፋቅ ቆጮ የሚሆነው ወደ ታች ይወርድና ረጅሙ ነጭ ክር እጅ ላይ ይቀራል፤ ቃጫ የሚባለው እሱ ነው፤ ሲደርቅ ለገመድ ይሸጣል። የእኔ ጥርሶች ክሩን ከምግቡ ጋር አንድ ላይ ከትፈውት ነበር። የሚሸጠውም የሚበላውም ተበላሸ፤ ስንት ዓመት የተጠበቀ እንሰት ከንቱ ቀረ። ወሬው ሶዶ አጎቴ ዘንድ ሲደርስ ባጃጃቸውን ብየዳ ቤቱ በር ላይ አቁመው፣ አምስት ዓመት ያስተማሩህ እንሰት መክተፍ ነው እንዴ አሉኝ። ባልደረባዬ ሳይቀር ሳቀብኝ።

ስህተቴ ግን የስሌት አልነበረም። እኛ ጋ እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ ልጅ አጠገቡ አይደርስም። ከልጅነቴ ጀምሮ የበላሁትን ነገር እንዴት እንደሚፋቅ አንድ ቀን ቆሜ አላየሁም። በሚቀጥለው እሁድ ዓይኔን በጨው አጥቤ ጓሮ ገባሁና እናቴ ቦታ ላይ ቁጭ አልኩ። ተነስ፣ ሰው ይስቅብሃል አለችኝ። ይሳቅ አልኳት። ቁራጩን በተረከዜ ከተደገፈው ሳንቃ ጋር አጣብቄ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች እፍቅ ጀመር። ሴቶቹ አጥሩ ላይ ተሰበሰቡ፤ አንዷ በወላይትኛ፣ እንግዲህ ባል እንፈልግልህ አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ እጄ ነገሩ ገባው። ቀርከሃው ስለት የለውም። እናቴ ቀርከሃው ክሩን ሲነካ እጇን ታላላለች፣ ወፈር ያለ ቦታ ሲመጣ ትጫናለች። ይህን ሁሉ ዓመት ስታደርገው ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ የጠየቃትም ሰው የለም። የሚንጠለጠል ሚዛን ተውሼ ቀርከሃው ላይ አሰርኩና ስትጫንና ስታላላ ያለውን ጉልበት ለካሁ። ከተመረቅኩ በኋላ የተማርኩት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ ውስጥ ገባ፤ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ሶዶ ተመልሼ ጥርሶቹን አወጣሁና ደነዝ ጠርዝ ተካሁ፤ ከኋላው እንደ እሷ እጅ የሚጫንና የሚላላ ጥቅልል የሽቦ ሞላ አደረግሁበት። የሞላው ሽቦ ምን ያህል መወፈር፣ ስንት ዙር መዞር እንዳለበት አሰላሁ። ብየዳውን ባልደረባዬ ሠራልኝ፤ በብየዳ ይበልጠኛል፣ አልክድም። ሞላውን ማስላት እንደማይችል እሱም አይክድም።

የእህቴ ጥሪ በወጣ ሳምንት አጎቴ ያንኑ ካርቶን ይዘው መጡ። እናቴ ራሷ ፔዳሉን ረገጠች። ቆጮ የሚሆነው በአንድ በኩል ወረደ፤ ቃጫው በሌላ በኩል ረጅምና ነጭ ሆኖ ሙሉውን ወጣ። ጨምቃ አጥሩ ላይ ሰቀለችው። አጎቴ በጣታቸው ጎትተው ጥንካሬውን አዩ። ከዚያ እስክሪብቷቸውን አውጥተው፣ አንዱን ማሽን ስንት ትሸጠዋለህ አሉኝ። ማሸነፌ ነበር። መልስ ልሰጥ ስል እናቴ ቀደመችኝ።

«መጀመሪያ የእኔን ይጻፉ» አለቻቸው።

አጎቴ አልገባቸውም። ምኑን አሉ።

«ቃጫውን። አምስት ዓመት በየወሩ የላክሁለት ገንዘብ የቃጫ ነው። ከወንድምዎ ኪስ አልወጣም።»

አባቴ መሬት መሬት አየ። እሱ ያውቅ ነበር። እኔ ግን አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት አባቴ ላከልኝ እያልኩ በላሁ፤ በመጀመሪያው ማሽኔም የከተፍኩት ያበላኝን ነገር ነው። ያን ቀን እጇን ከትታ ስትፈልግ የነበረውን አሁን ገና አየሁት፤ እንባዬ መጣ፣ አላፈርኩበትም።

«ከሰርኩ አልከሰርኩ የምለው እኔ ነኝ» አለች፤ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «አልከሰርኩም። ለእሷም እልክላታለሁ።»

አጎቴ እስክሪብቶውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ሱቁስ አሉ፣ ቀስ ብለው። እሱን ለልጅዎ ይክፈቱለት አለቻቸው። አባቴ ቀና ብሎ፣ በቃ ትሂድ አለ፤ ከእናቴ በኋላ መናገሩን ግን ሁላችንም ሰምተናል።

እህቴ በሳምንቱ ከሶዶ መናኸሪያ ተነሳች። እኔ አሁንም በቀን ሂሳብ በርና መስኮት እበይዳለሁ። እስካሁን ማሽን ያዘዙኝ ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ዲግሪዬም ከሬጅስትራር አልወጣም። አጎቴ ባገኙኝ ቁጥር ካርቶኑን አልጣልኩትም ይሉኛል። አይጣሉት። ዲግሪዬ ስንት እንደሚያወጣ የምትናገረው የከፈለችበት ናት፤ እሷ ደግሞ አልከሰርኩም ብላለች። ለማሽኑ አልመች የሚለው ወፍራም ግንድ ገና አልተፈታልኝም። ስለዚህ እሁድ እሁድ እናቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ እፍቃለሁ። የሚስቅ ይሳቅ።