አንድ ቶን ዝቅ

ሰረቀብርሃን ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሊያንድሮ ይኖራል። በሥራ ቀናት የኦክላንድ ኤርፖርት ሻትል ይነዳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በሠርግ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወታል። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራው ከአንዲት ድምፃዊት ጋር ነው፤ ከትርፌ ጋር። ትርፌ ካምቤል ከተማ ሆና አረጋውያን ትንከባከባለች። በዚህ አካባቢ ከተዳሩት ሐበሾች ግማሾቹ የጨፈሩት በእሷ ድምፅ ነው።

ባለፈው ዓመት ስድሳ ሲሞላት ድምፅዋ ወፈረ። ልምምድ ላይ፣ «እስቲ ሁሉንም ዘፈን አንድ ቶን ዝቅ እናድርገው። ላይኛው እየያዘኝ ነው» አለች።

ኪቦርድ የሚጫወተው ፍሬምናጦስ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ኪቦርዱን ዝቅ አደረገና ጨረሰ። የቀረው ሰረቀብርሃን ነበር። የእሱ ጨዋታ ሁሉ የሚነሣው ከወፍራሙ ክር ነው፤ ወይ ጣቶቹን እንደገና ማስለመድ፣ ወይ መሣሪያውን ራሱን ዝቅ አድርጎ መቃኘት ነበረበት።

ቤቱ ሄዶ ሞከረው። ክሮቹን ሲያላላቸው እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረገቡ፤ ሲመታቸውም ከጊታሩ አንገት ብረቶች ጋር እየተጋጩ ዝዝ ይሉ ጀመር። አምስት ደቂቃ እንኳ አልታገሠም። መልሶ አጠበቃቸውና በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉም ባሉበት፣ «ቤዝ አይወርድም» አለ። «አንገቱ ይበላሻል። አንቺ ትንሽ ተለማመጂ እንጂ።»

አንገቱ ይበላሻል ያለውን ከማንም አልሰማም። እዚያው የፈጠረው ነው።

ፍሬምናጦስ፣ «ጋሽ ሰረቀ፣ ሌላ ዓይነት ክር እንዳለ ቼክ ቢያደርጉ?» አለው።

«ሃያ ዓመት የተጫወትኩበትን አንተ ልታስተምረኝ ነው?»

ትርፌ ማይኩን አንሥታ በድሮው ቅኝት ጀመረች።

ሜይ ላይ ሳን ሆዜ ሠርግ ነበራቸው። ሙሽሮቹ ሲገቡ ትርፌ ጀመረች፤ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም ተሰነጠቀ። ከሚዜዎቹ አንዱ ሳቀ። ማይኩን ቀስ አድርጋ ቦታው መለሰችና ቦርሳዋን አንሥታ በኩሽናው በር ወጣች። ሰረቀብርሃን መጫወቱን አላቋረጠም። በኋላ የምግብ ሰልፍ ላይ አንዲት ሴት፣ «ትርፌ እኮ አረጀች፤ ቢበቃት ምናለ» ስትል ሰማ። ሳህኑን ይዞ አለፈ።

ከዚያ ወዲህ ትርፌ አልመጣችም። ፍሬምናጦስ ኮል ሲያደርግላት፣ «በሐኪም እየታየሁ ነው» ትለዋለች።

ኦገስት ላይ የሰረቀብርሃን ጊታር አንድ ክር ተበጠሰ። ኦክላንድ ወደሚገኝ የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ሄደ። ሻጯ ፀጉሯ የሸበተ፣ ራሷም ቤዝ የምትጫወት ሴት ነበረች። ለወሬ ያህል፣ «ይሄ ነገር አንድ ቶን ዝቅ ብሎ መቃኘት ይችላል?» አላት።

«ምን ችግር አለው? የእኔ ከዚያም ይወርዳል። የሚረግብብህ ክርህ ቀጭን ስለሆነ ነው። የትልቁ ክርህ የውፍረት ቁጥር መቶ አምስት ነው፤ መቶ አሥር፣ ካልሆነም መቶ አሥራ አምስት አድርግበት። ዝቅ ብሎም አይላላም። አንገቱ ጫፍ ላይ ክሩ የሚያርፍበትን ቦይ በሞረድ ትንሽ ማስፋት ነው፤ እሱን አሁን እሠራልሃለሁ።»

«አንገቱስ?»

«አንገቱ ምን ይሆናል? ውጥረቱ ያው የድሮው ነው።»

በአርባ ደቂቃ ጨረሰችለት። እዚያው ሞከረው፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ ሞልቶ ወጣ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሣ ብዙ ተቀመጠ። ትርፌ ማይኩን ስትመልስ የነበራት እርጋታ ነው ዓይኑ ላይ የመጣበት። ያን ጊዜ አንድ ሰው አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ኖሮ ይበቃ ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ እሱ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ካምቤል፣ ትርፌ ቤት ሄደ። በሩን የትርፌ ልጅ ዮዲ ከፈተችለትና በእንግሊዝኛ እናቷን ጠራችለት።

«ትርፌ፣ ቤዝ ይወርዳል» አላት ገና ሳይቀመጥ። «ክር መቀየር ብቻ ነበር። አንገቱ ይበላሻል ያልኩት ከራሴ ነው።»

«ፓሎ አልቶ ሆስፒታል ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ» አለች ትርፌ። «በአፍንጫዬ ካሜራ አስገብተው ጉሮሮዬን አዩት። ምንም የለብሽም፣ ዕድሜ ነው ሲሉኝ አላመንኳቸውም። ክፉ በሽታ ደብቀውኝ መስሎኝ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ቤዝ እንደሚወርድ ታውቅ ነበር?»

«እንደሚቻል አላውቅም ነበር። አለመጠየቄን ግን አውቅ ነበር።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችውም። «ያንን የተናገርከው ሁሉም ባሉበት ነው፤ ይሄንንም እዚያው በልልኝ» አለችው።

ቅዳሜ ልምምድ ላይ ቆሞ ለእሷ የነገራትን ለሁሉም ደገመው። ፍሬምናጦስ አቀርቅሮ የኪቦርዱን ገመድ ነካካ። ትርፌ፣ «በሉ እንጀምር» አለችና ዘፈነች። ድምፅዋ አዲሱ ቅኝት ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ።

ዛሬ በወር አንድ ሠርግ ብቻ ትሠራለች፤ ሳን ሆዜ ከሆነ አልሄድም ትላለች። ከሰረቀብርሃን ጋር እንደ ድሮው ይጫወታሉ፣ ይሳሳቃሉም። ሰዎች «ድምፅሽ እኮ ተመለሰ» ሲሏት፣ «የትም አልሄደም ነበር» ብላ ታልፋለች። እሱም ይህን በሰማ ቁጥር ወደ አምፕሊፋየሩ ዞር ይላል፤ የሚስተካከል ነገር ባይኖርም ጎንበስ ብሎ ይቆያል።