አጥሚት የሚያድለው እንደራሴ

በስልሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት፣ መካነ ሰላም መጠለያ ውስጥ አጥሚት የሚያድል አንድ ጎልማሳ ነበር። የሱፍ ካፖርቱ ክርኑ ላይ ተበልቷል። ጭልፋውን ሲዘረጋ የሰው ዓይን አያይም። አብዮቱ ምክር ቤቱን እስኪዘጋው ድረስ የዚሁ የቦረና አውራጃ እንደራሴ እንደነበረ ሁሉም ያውቃል።

አንድ ቀን ሀጀራ የተባሉ እናት ጣሳቸውን ዘርግተው፣ «ጌታው፣ አዲስ አበባ ምን ሲሠሩ ቆዩ?» አሉት።

«የቀይ ባሕር ዓሣ ሳይራባ ተጠምዶ እንዳያልቅ ሕግ አወጣን።»

«ደግ፤ ዓሣም የአላህ ፍጡር ነው። ስለኛ ረሃብስ?»

«ሰምቼ ነበር፤ ለመናገር ግን ፈራሁ።»

ሀጀራ ጣሳቸውን ጠጋ አደረጉ። «ልጄ ተነስታ መምጣት አቅቷታል። የሷንም ጨምርልኝ» አሉት፣ አሁን አንቱታውን ትተው።

ጨመረላቸው። የዚያን ቀን የራሱን ድርሻ ሲቀምስ ያየው የለም።