ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ብርድ

ያን ዓመት ሳስታውሰው ግማሹ እንቅልፍ፣ ግማሹ ጭጋግ ነው። ጎንደር አጠገብ፣ ፀዳ በተከራየኋት ክፍል ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቆርቆሮውን ታግለዋለች፤ ቆርቆሮው ቀስ እያለ ይንጣጣል። እኔ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ዓይኔ እየተከደነ፣ ቁጥሮች ወደ ታች ሲፈስሱ አያለሁ። የሚመጡት ከመካነ ብርሃን በላይ ካለ ተረተር፣ አንድ ትንሽ ፕሮጀክት ከተከለው የብርድ መለኪያ ሳጥን ነበር። ሳጥኑ በየሰዓቱ ቅዝቃዜውን ይመዘግባል፤ በየወሩ አንድ ሰው የተመዘገበውን ጎንደር ቢሮ ያደርሳል። ባልደረባዬ ፋይሉን የሚቀበለውን ፕሮግራም ጻፈ፤ እኔ ደግሞ ቁጥሮቹን ሰንጠረዥ የሚያደርገውን። ወጣት ነበርኩ፤ ኩራቴ ከተረተሩ አያንስም።

ሳጥኑ የቆመው በአንድ ሽማግሌ ገበሬ ማሳ ዳር ነው። አያ እላቸው ነበር። የታችኛው ማሳቸው እህል ከጥር አያልፍም። የላይኛው ደግሞ ገብሱ ሲያሽት ውርጭ መትቶባቸው ሁለት ዓመት ጦም አድሯል። ቤተሰቡ ዓመቱን የሚዘልቀው ያ ማሳ ከተዘራ ብቻ ነበር። ግንቦት ላይ ስሄድ ጎረቤቶቻቸው በተሰበሰቡበት ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ሳጥንሽ ምን ይላል? ልዝራበት?»

ወረቀቱን ዘረጋሁ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ይላል፤ ካለፈው መስከረም እስከ ኅዳር።

«አይዝሩ» አልኳቸው። «ውርጩ አይለቅም።»

ወረቀቱን፣ ከዚያም ጎረቤቶቻቸውን አዩ። ከዚያ «ሸጋ» አሉ። «ልተወው እንግዲህ።»

ነሐሴ ላይ፣ ቢሮ ሻይ እየጠጣን፣ ባልደረባዬ እንደ ዋዛ «አንቺ እንዳትቸገሪ ብዬ ቁጥሮቹን ገልብጬ ነው የምሰጥሽ» አለኝ። ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። እኔም እሱ እንዳይቸገር ብዬ ስገለብጥ ነው የከረምኩት።

ሳጥኑ እያንዳንዱን ቁጥር ለሁለት ከፍሎ ትልቁን ክፋይ አስቀድሞ ይጽፋል። የኛ ኮምፒውተር ትንሹን አስቀድሞ ያነባል። ስለዚህ መሃል ላይ አንድ ሰው የሁለቱን ቦታ ማለዋወጥ አለበት፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ሁለት ጊዜ ከተገለበጠ ተመልሶ እንደነበረው ነው።

ይህ ስሕተት የኛ አገር ሰው ስሕተት ነው። ከዚሁ ባልደረባዬ ጋር አንድ ስብሰባ ላይ እንዲሁ ተላልፈናል። ጥሪው በፈረንጅ ስምንት ሰዓት ይላል። እሱ ለእኔ አስቦ ወደኛ መለሰውና ሁለት ሰዓት አለኝ፤ እኔ የፈረንጅ መስሎኝ ደግሜ መለስኩትና ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ከች አልኩ። ያኔ ስቀን አለፍን። ማንም ሰው ሰዓት ሲነገረው «በኛ ነው በፈረንጅ?» ይላል፤ እኛ ሁለት የተማርን ተብዬዎች ይህችን መጠየቅ አቃተን።

እንዲህ ሁለቴ ሲገለበጥ ሦስት ዲግሪ የነበረው፣ ትንሹ ክፋይ እንደ ትልቁ ተነቦ፣ ሰባት መቶ ስልሳ ስምንት ሆኖ ይወጣል። እኔ ደግሞ ፕሮግራሜን የማይታመን ቁጥር ሲያይ ዝም ብሎ እንዲጥል አዝዤው ነበር። ደህናው ሁሉ ተጣለ። ዜሮ ግን ቢገለበጥም ዜሮ ነው፤ እሱ ተረፈ። አንዳንድ ንጋት ለአፍታ ብቅ ብሎ የሄደ ብርድ በሰንጠረዤ ላይ የወሩ ሁሉ ብርድ ሆነ።

ያ ሳምንት እንደ ሕልም ነው ያለፈው። ፕሮግራሙን እንደገና ጻፍኩት። ፕሮግራም የምጽፍበት ቋንቋ ጥብቅ ነው፤ እያንዳንዱ ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ ይጠይቃል፣ አንዱን ዓይነት በሌላው ቦታ አያስገባም። እኔ ግን ያልተገለበጠውንም የተገለበጠውንም በደፈናው ቁጥር ብዬ ስለጠራኋቸው ጥብቅነቱ አልጠቀመኝም። አሁን የሳጥኑን ቁጥር አንድ ዓይነት፣ የኛን ቁጥር ሌላ ዓይነት አድርጌ ለየኋቸው። መሻገሪያቸው አንድ በር ነው፤ መገለበጡም እዚያው በር ላይ ነው። አንዴ የተሻገረውን ሆን ብዬ ደግሜ ልገለብጥ ሞከርኩ። ኮምፒውተሩ ፕሮግራሙን ከነጭራሹ አልቀበልም አለ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደስ ማለቴ አሳፈረኝ። በእውነተኛው ሰንጠረዥ የጥቅምት ንጋት አብዛኛውን ጊዜ አራት አምስት ዲግሪ ነበር፤ የመዝሪያው ጊዜ ግን አልፏል።

ኅዳር ላይ በደባርቅ በኩል ወደ አያ ወጣሁ። መኪናው ጭጋጉ ውስጥ ሲሳብ ተራራው ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፤ ባልደርስ እመኝ ነበር። የጎረቤቶቻቸው ገብስ ታጭዷል። የእሳቸው የላይኛው ማሳ ሣር ለብሷል።

ሳጥኑ አጠገብ ቆመን ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የሳጥኑ እንዳልሆነም።

«አውቄው ነበር» አሉ። «ውርጭ ሲወርድ ጠዋት የበጎቼ ጀርባ ይነጣል። አምና እምብዛም አልነጣም።»

«ምነው ታዲያ ያኔ አልነገሩኝም?»

«ከጎንደር ድረስ ወረቀት ይዘሽ መጥተሽ፣ በሰው ፊት ላሳፍርሽ?»

እንባዬ መጣ። ፊቴን ሳዞር ጉረኖው ባዶ መሆኑን አየሁ። እህል ሊገዙበት በጎቹን ሸጠዋቸዋል፤ ይህንንም እንደ ተራ ወሬ ነገሩኝ።

«ከእንግዲህ ውርጩን በምን ያውቁታል?» አልኳቸው።

እጃቸውን ሳጥኑ ላይ አሳረፉ።

«በዚህ ነዋ» አሉ። «ሌላ ምን አለኝ?»